የአባይነሽ ቅናት

ጁባ ያለ ሐበሻ በሙሉ፣ ከኮሎሎ እስከ ወደቡ፣ ስለ አባይነሽ አንድ ነገር ላይ ይስማማ ነበር፤ ቀናተኛ ናት። ባሏን ለብቻው ከቤት አታስወጣም። ባሏ ሥዩም የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው። ወደቡ አጠገብ ካለው መቅጃ ከናይል ይሞላና ለኮሎሎ ሆቴሎች፣ ለምግብ ቤቶችና ለየግቢው ሮቶ ያዳርሳል። አባይነሽ ደግሞ ከጋቢናው አትጠፋም። ረዳቱን ያሰናበተችውም እሷ ናት። ትሠራበት የነበረውን ምግብ ቤት ትታ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ የውሃውን ቱቦ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በሃምሳ ዓመቷ የቦቴ ረዳት ሆነች።

ሹፌሮቹ ተራ እስኪደርሳቸው መቅጃው ጎን ካለው ዛፍ ሥር ወንበር ይዘው ሻይ ይጠጣሉ፤ ለሻዩ ማጣፈጫ የምትሆናቸው እሷ ነበረች። ከሁሉ የሚብሰው ማስረሻ ነው፤ አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ የጎንደር ልጅ። «እትዬ አባይነሽ፣ የዛሬዋ ፓምፕ ሴት ሳትሆን አትቀርም፤ ጋሽ ሥዩም ብቻውን እንዳይጠጋት» ይላታል። ሹፌሮቹ ይስቃሉ። እሷም «አንተን ያመነች ሴት ታሳዝነኛለች» ብላ ቱቦዋን ትጎትታለች። ሥዩም ሻዩን ይጠጣል። አንድም ቀን «ተዋት» ብሎ አያውቅም። ሰው ይህንንም ልብ ብሎታል፤ «ምን ያድርግ፣ ፈርቷት ነው» ይሉታል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። አባይነሽ ይህን እያወቀች ነው ስሟን አሳልፋ የሰጠችው። ነገሩ የተጀመረው በብርድ ልብስ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ሥዩም ፊቱን ሊታጠብ ወደ ግቢ ወጣና፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ብርድ ልብስ «እንደምን አደርሽ በዛብሽ» አለው። በዛብሽ ጎረቤታቸው ናት። ብርድ ልብሱ ዝም አለ። ሥዩም ትንሽ ጠብቆ «ምነው፣ ዛሬ ኩርፊያ ነው?» አለና አለፈ። በር ላይ ቆማ የነበረችው አባይነሽ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ያን ቀን ሙሉ ሲገባም ሲወጣም ተከታተለችው። የስኳሩን ዕቃ የሚያገኘው በመዳበስ ነው። ስልኩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ነው ቁጥር የሚያየው። በፀሐይ በኩል ቀረብ ብላ ስታየው ሁለቱም ብሌኖቹ ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል።

ሞራ ነው። ሞራ ዛሬ ይገፈፋል፤ አዲስ አበባ ሄዶ ባሥራ አምስት ቀኑ ጋዜጣ እያነበበ የተመለሰ ሰው ሁለቱም ያውቃሉ። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት የለውም። አንድ ቀን በዘዴ «ዓይንህን ብትታይስ?» ብትለው ምሳውን ገፋ አድርጎ ተነሳ። «ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፤ ከአሰብ እስከ ጋምቤላ ዶሮ አልገጨሁም» አለ። አንዴ ከመሪ የወረደ ሹፌር ተመልሶ አይወጣም ብሎ ያምን ነበር። እንደ እሱ ያሉ፣ አገር ያቋርጡ የነበሩ ጓደኞቹ ዛሬ በየሰው ግቢ ዘበኛ ሆነው ለሌላ ሹፌር በር ይከፍታሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሹፌርም ከነሱ አይሻልም።

እንግዲህ አባይነሽ ጋቢና የገባችው ያኔ ነው። ዘዴዋ ቀላል ነበር፤ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ትሳደባለች።

«እያት ያቺን ጃንጥላ የያዘችውን፤ መሃል አስፋልት ላይ እንደ ሙሽራ ትንቀረፈፋለች» ትላለች። ሥዩም ፍሬን ይነካል። «ይሄ ቦዳቦዳ ደግሞ በቀኝህ ሊሾልክ ነው፤ ሞተር ብስክሌት አይደለም፣ አህያም ቢሰጡት አይነዳ» ትላለች። ሥዩም ወደ ግራ ጠጋ ይላል። «ጉድጓዱን ዛሬም አልደፈኑትም፤ ያው ግንቡ ጥግ» ትላለች። ሥዩም ጉድጓዱን ያልፋል። አንድም ቀን «ምን ያስለፈልፍሻል» ብሏት አያውቅም። እሷም የስድቡን ምሥጢር አላወቀም ብላ አመነች፤ ሰው ማመን የፈለገውን ያምናል።

እንቅልፍ ግን አልነበራትም። ጀሪካን ተሸክመው ድንገት መንገድ የሚሻገሩት ሴቶች በሕልሟ ይመጡባታል። ሥዩም ከነዚህ አንዷን የገጨ ቀን ጥፋቱ የሁለት ሰው እንደሚሆን ታውቃለች። ልንገርበት ትላለች፤ ከዚያ እሱም ዘበኛ ሆኖ የሰው ግቢ በር ላይ ተቀምጦ ሲታያት ምላሷ ይያዛል። ለማርያም ተሳለች። ስለቷም «በራሱ አፍ ይናገረው» የሚል ነበር። ሁለት ዓመት ሞላ፤ ማርያም አልቸኮለችም።

የቦቴው ባለቤት ማጃክ የሚባል የዲንካ ሰው ነው። ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ አድጎ፣ ኢትዮጵያ ተምሮ፣ ሰላም ሲወርድ ወደ አገሩ የተመለሰ፤ አማርኛው እንደ ውሃ የሚፈስ። ሥዩምን ይወደዋል። ምክንያትም አለው፤ እሱ ልጅ ሆኖ ካምፑ እህል አልቆበት ሲጠብቅ፣ የክረምቱን ጭቃ ሰብረው ከሚገቡት የጭነት መኪናዎች አንዱን ይነዳ የነበረው ሥዩም ነው። በ2002 የገና ዋዜማ ማጃክ ሹፌሮቹን ዛፉ ሥር ሰበሰበ። የሥዩምን ቦቴ በመዳፉ እየመታ «አራት ዓመት፣ አንድ ጭረት የለም» አለ። «ይሄ ሰው ሽልማት ይገባዋል።»

ሽልማቱ ወረቀት ነበር። ማጃክ ከአማቹ ጋር ሆኖ በጊ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ መኪናዎች አስመጥቶ፣ ካዋጃ የሚሉትን ፈረንጅና ደስታ የፈለገውን ሰው ከድልድዩ ማዶ፣ ከጉምቦ ጀርባ ባለው ዱር ውስጥ እያስነዳ ማዝናናት ጀምሯል። ወረቀቱ የሁለት ሰው ነው፤ ከአስጎብኚ ጋር፣ ግማሽ ቀን።

«ሹፌርን መኪና ንዳና ተዝናና ማለት ዳቦ ጋጋሪን ዳቦ እንደ መጋበዝ ነው» አለ ማስረሻ።

ሥዩም ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። የወደቡንና የኮሎሎን መንገድ ሥዩም በልቡ ያውቀዋል፤ የጎደለውን እሷ ትሞላለች። ያላየውን ዱር ግን እንዴት አድርጎ ይነዳዋል? «እኔ ራሴን ያመኛል፤ ይቅርብን» አለች ማታ።

«ብቻዬን እሄዳለኋ» አላት።

ራስ ምታቱ ወዲያው ለቀቃት።

ገና ሐሙስ ዋለ። ቅዳሜ ማለዳ ድልድዩን ተሻግረው ጉምቦ ደረሱ። አስጎብኚው አክዋይ ይባላል፤ ወላጆቹ ከፖቻላ ተሰደው ጋምቤላ ያሳደጉት፣ ቀጠን ያለ፣ ቀልደኛ የአኙዋክ ጎልማሳ። «እንኳን አደረሳችሁ፤ ገናችሁ ግን ዘገየ እኮ፣ እኛ በልተን ረስተነዋል» ብሎ ተቀበላቸው። በጊዋ ጣራም መስታወትም የላትም። አራት ጎማና ሁለት ወንበር በብረት ቱቦ ታስረው የተለቀቁ ነው የምትመስለው። ሥዩም ዙሪያዋን በእጁ ዳሰሳት፤ ለአክዋይ ግን እያደነቃት መሰለው።

«አንድ ሕግ አለኝ» አለ አክዋይ፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ተወው። «እኔ ፊት እሄዳለሁ። እናንተ የኔን ጎማ ዱካ ተከትላችሁ ነው። ይሄ አገር ጦርነት የነበረበት ነው፤ መንገዱ ተጠርጓል፣ ዳርና ዳሩ ግን ፈንጂ አላለቀም። በግራና በቀኝ ግማሹ ነጭ ግማሹ ቀይ የተቀባ ድንጋይ ታያላችሁ። ነጩ ወደ መንገዱ ነው የዞረው። ነጩን እያያችሁ ከሄዳችሁ ደህና ናችሁ። ቀዩ ከታያችሁ ግን ገብታችኋል ማለት ነው፤ ባላችሁበት ቁሙ፣ እግራችሁን አታውርዱ። ቤቱ ቢቃጠል፣ ንጉሥ ቢመጣ ከዱካዬ አትወጡም። ተግባባን፣ አባባ?»

«ተግባባን» አለ ሥዩም።

አባይነሽ አፏን ከፈተች። ያኔ መናገር ነበረባት፤ ታውቃለች። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ያጠለቁት ሄልሜት ጆሮ ድረስ የሚደፍን ነው። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ወፍጮ ቤት የገባች መሰላት። «ያ ባንዲራ የተሰቀለበት በጊ የሱ ነው» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋን ራሷም አልሰማችው። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ስድቧ እዚህ አይሠራም። ሥዩምን ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። ሞተሩን አጠፋ።

እንውረድ ልትለው ነበር። እሱ ግን ቀደማት። ግራ እጇን ያዘና የራሱ ቀኝ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ፊቱን ወደሷ አላዞረም።

«አንዴ ስትነኪኝ ቀኝ» አላት። «ሁለቴ ስትነኪኝ ግራ። ከጨበጥሽኝ እቆማለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቀም ብላ ስትጠነቀቅለት፣ እሱም አላወቀም እንድትል ሲጠነቀቅላት ኖሯል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚሉት ይሄንን ሳይሆን አይቀርም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አለችው።

«ጉድጓዱን ሁለት ቤት ሲቀረን መሳደብ ከጀመርሽ ጀምሮ። ሰው ጉድጓድ የሚሳደበው ከገባበት በኋላ ነው።»

ሳቋ መጣ፤ ተከትሎም ንዴቷ። ታዲያ እያወቅህ ነው ቀናተኛ ስባል ሻይህን የምትጠጣው ልትለው አሰበች። አክዋይ ከፊት እጁን አነሳ፤ ሥዩም ሞተሩን አስነሳ፤ ንዴቷም ለሌላ ቀን ተላለፈ።

እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በሕይወቷ ካየችው ሁሉ ደስ የሚል ነበር። በጋው ሣሩን አቃጥሎት መሬቱ ጠቁሯል፤ በየቦታው ከሰው የሚበልጥ ኩይሳ ቆሟል። መንገዱ በኩይሳዎቹ መሃል እየተጠማዘዘ፣ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ እየተንሸራተተ፣ ወደ አንድ ዓለታማ ኮረብታ ይወጣል። አንዴ ትነካዋለች፤ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሁለቴ ትነካዋለች፤ ወደ ግራ ይመለሳል። ሥዩም የሚነዳው በጆሮው፣ በመቀመጫውና በእጇ ነው፤ እንዲህም ሆኖ አነዳዱ ያምር ነበር። አሸዋው ውስጥ ሲገባ ጎማው ሳይሰምጥ በፊት ያውቀዋል፤ ቤንዚኑን ሰጥቶ ያወጣታል። ከሄልሜቱ ሥር ጥርሱ ይታያል፤ እየሳቀ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቦቴው ላይ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ለካ እሱም ሲፈራ ኖሯል። የታመነ ሰው ደስታ ነበር ፊቱ ላይ፤ አባይነሽ በዚያ አቧራ መሃል ሆዷ ባባ፤ ይህን ሽማግሌ እንዳዲስ ወደደችው።

ኮረብታው ላይ አክዋይ አስወርዷቸው ናይልን አሳያቸው። «ከዚህ ያለው ዕይታ አይጠገብም፤ አይደል አባባ?» አለ። ሥዩም «አይጠገብም» አለ፤ ወንዙ ወዳለበት ሳይሆን ወደ ኩይሳው ዞሮ ነበር። አባይነሽ ክርኑን ይዛ ቀስ ብላ አዞረችው። አክዋይ ይህን አየ።

አደጋው የመጣው ሲመለሱ ነው። ከፊት ለፊት አንዲት አሮጊት ማገዶ ተሸክማ፣ በምርኩዝ እየተደገፈች መንገዱን ይዛ ትመጣለች። አክዋይ ዝግ አለ፤ አሮጊቷም የአገሩን ልማድ ታውቃለችና ከተጠረገው መንገድ ሳትወጣ በግራ ጠርዙ ላይ ጎኗን አጥብባ ቆመችለት። አለፈ። አሁን ተራው የነሱ ነው። አባይነሽ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ስለፈለገች እጇን አላንቀሳቀሰችም። ሥዩም ግን በብርሃኑ መሃል አንድ ነገር ታየው፤ የጎበጠ፣ የተሸከመ፣ በምርኩዝ የሚሄድ። ለዚህ ደግሞ ዓይን አያስፈልገውም። ደጀን ያሳደገው ሰው ነው፤ አባቱ ሽማግሌ ሲያዩ ከበቅሎ ይወርዱ ነበር፤ እሱም ሠላሳ ዓመት በጭነት መኪና ለሸማገለ ሰው ጥግ ሳይዝ አልፎ አያውቅም። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘና መንገዱን ለቀቀላት።

አባይነሽ ጉልበቱን ጨበጠች። ፍሬን ያዘ፤ ግን ሣሩ ውስጥ ገብተው ነበር። ሞተሩ ጠፋ።

አቧራው ሲገለጥ አባይነሽ ወደ ኋላ ዞራ አየች። ከኋላቸው፣ ባለፉበት፣ ሦስት ድንጋዮች ተደርድረዋል። የሚታያት ቀዩ ነው።

«ምን ሆነሻል? ለምን ያዝሽኝ?» አለ ሥዩም ሄልሜቱን እያወለቀ።

«ቀይ አየሁ።»

«የት?»

«ከኋላችን።»

ሥዩም እጁን ከመሪው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ፤ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳው መሪው ይመስል። አሮጊቷ ከመንገዱ ላይ ማገዶዋን ጥላ «ዎጊፍ፣ ዎጊፍ» ትላለች፤ ቁሙ ማለቷ ነው። አክዋይ ሮጦ ድንጋዮቹ ጋ ደረሰና እንደ ግንድ ቆመ።

«እትዬ፣ አባባ፣ ስሙኝ» አለ። «ስትገቡ ምንም አልሆነም፤ ስለዚህ የረገጣችሁት ቦታ ደህና ነው። በኋላ በኩል ውረዱ። የጎማው ዱካ ይታያችኋል፤ ሣሩን አስተኝቶታል። እሱን ብቻ እየረገጣችሁ አንድ በአንድ ኑ። ከዱካው አንድ ጣት እንዳትወጡ። አባባ ይቅደሙ።»

ሥዩም ጎንበስ ብሎ መሬቱን ፈለገ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ዱካው አይታየኝም።»

«እዚያው እግርዎ ሥር ነው አባባ፤ በደንብ ይዩት።»

«አንተ ልጅ፣ አይታየኝም አልኩህ እኮ» አለ ሥዩም።

አክዋይ አባይነሽን አያት። እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። አክዋይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

አባይነሽ በመቀመጫው ላይ ተሻግራ በኋላ በኩል ወረደች፤ ሁለት እግሯን የጎማው ዱካ ላይ አሳረፈች። የሥዩምን እጆች ስባ ትከሻዋ ላይ አደረገቻቸው። «እግሬን ሳነሳ አንሳ፤ ሳሳርፍ እዚያው አሳርፍ» አለችው። «ቀኝ።» ቀኝ አነሳች፤ ቀኝ አነሳ። «ግራ።» የትከሻዋን አጥንት እስኪያማት ጨምድዶ ይዟታል። እሷ ደግሞ ማርያምን ትጠራለች፤ በራሱ አፍ ይናገረው ያለችውንም ትታ እግሩን ብቻ ጠብቂልኝ ትላታለች። ከበጊዋ እስከ ድንጋዮቹ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ባልና ሚስት ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ እንዲያ ተጠጋግተው የሄዱበትን ቀን አታስታውስም። አሥራ አራተኛውን ስትረግጥ አክዋይ ክንዷን ይዞ ወደ መንገዱ ሳባት፤ ሥዩም ተከትሎ መጣ።

አሮጊቷ ቀርባ ሥዩምን ከላይ እስከ ታች አየችውና በጁባ ዓረብኛ አንድ ነገር አለች። አክዋይ ተረጎመው። «ለምን መንገድ ለቀቅህ ነው የምትለው።»

«አሮጊት ሸክም ተሸክማ እኔ በመኪና ልግፋት?» አለ ሥዩም።

ይህ ሲተረጎምላት አሮጊቷ እስኪያስላት ሳቀች። «ማሌሽ» አለችው፣ ግድ የለም ማለቷ ነው፤ ማገዶዋንም አንስታ ሄደች። አክዋይ ግን አልሳቀም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አቅፏል።

«አባባ» አለ። «ሰኞ ቦቴውን የሚነዳው ማነው?»

ሥዩም ከሱሪው ላይ የሣር ገለባ አራገፈ።

በጊዋን እዚያው ትተው በአክዋይ መኪና ተመለሱ። ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ አባይነሽ ባሏ ጭን ላይ ተቀመጠች፤ እንዲህ ሆነው ጉምቦ ገበያ መሃል ሲገቡ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ሲለያዩ አክዋይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለማጃክ መሪው አልታዘዝ ብሎ ነው እለዋለሁ። እውነቱን ግን እርስዎ ይንገሩት አባባ፤ እኔ አልነግርብዎትም» አለ።

እሑድ አባይነሽ ጠበቀች። ሥዩም ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ምሳ በላ፣ ጫማውን ጠረገ። ስለ ዱሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሷም አልጠየቀችም፤ ሊናገር ነው፣ አሁን ሊናገር ነው እያለች መሸ።

ሰኞ ጠዋት መቅጃው ጋ ሲደርሱ ሹፌሮቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ማጃክ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ይቆጣል። «መሪው ተበላሸ አለኝ! ሳይፈትሽ እንግዳ አስቀምጦ! ጋሼ ሥዩምን ሊገድልብኝ ነበር እኮ» ይላል። «ዛሬውኑ አባርሬዋለሁ።» አክዋይ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ለመከላከል አልሞከረም።

አባይነሽ ሥዩምን አየችው። ሥዩም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጁን ተወው» አለ። «መሪው ደህና ነበር። አሮጊት መጣች፤ እኔ ነኝ መንገድ ልልቀቅላት ብዬ የወጣሁት። ሕጉን ነግሮኝ ነበር።»

ማጃክ አፍጥጦ አየውና ቁጣው ወደ ሳቅ ተለወጠ። «ፈንጂ ላይ ለአሮጊት መንገድ መልቀቅ! ይሄን ከጋሼ ሥዩም በቀር ማን ያደርገዋል?» አለ። ሹፌሮቹም ሳቁ። «በቃ፣ አክዋይ ወደ ሥራህ ተመለስ። ፈንጂ የሚያወጡት ሰዎች በጊዋን ነገ ያመጧታል። ጋሼ፣ ሆቴሉ ውሃ ጨርሷል፤ ይኸው ቁልፍ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሥዩም የተናገረው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ለመንዳት ይበቃል። ሥዩም እጁን ዘረጋ። እጁ ከቁልፉ አንድ ስንዝር አልፎ አረፈ፤ ጠረጴዛውን መዳበስ ጀመረ። ማንም አላስተዋለም። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቁልፉን ገፋ አድርጋ ከጣቱ ሥር ልታስገባለት አባይነሽ እጇን አነሳች። በመንገዱ ማዶ ሁለት ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ሊሻገሩ ቆመዋል።

እጇን መለሰችው።

«አያይም» አለች።

ማጃክ ያልሰማ መሰለ። «ምን?»

«ዓይኑ አያይም። ሁለት ዓመት ሆነው። ሞራ ነው።» «መንገዱን የማይለት እኔ ነኝ። ቁልፉን አትስጠው።»

ፓምፑ ብቻ ይጮሃል። አባይነሽ ባሏን ማየት ፈራች፤ ሃያ ስድስት ዓመት አክብራ የያዘችውን ሰው በሹፌር ሁሉ ፊት አዋረድኩት ብላ አሰበች። ቀና ስትል ሥዩም እጁን ከጠረጴዛው አንስቶ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም።

«እውነቷን ነው» አለ። ወደ ዛፉ ዞረ፤ ማን የት እንደተቀመጠ ባያየውም ሳቃቸውን ያውቀዋል። «ቀናተኛ ስትሏት እዚህ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። ሁሉንም እሰማ ነበር። እሷ አፏን ብትከፍት የኔ ነገር ያበቃል ብዬ፣ ስሟን አሳልፌ ሰጠሁ። በእናንተ ፊት ሲባል ስለኖረ በእናንተ ፊት ልበለው፤ ይቅር በይኝ አባይነሽ።»

አባይነሽ ሁለት ዓመት የያዘችው እንባ ቱቦው አጠገብ እንደቆመች መጣባት፤ በሻሿ ጫፍ ብትጠርገው ብትጠርገው አላልቅ አለ። ማጃክ ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተና «በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ፤ ሞራውን ተገፍፈው ይምጡ ጋሼ፣ ከዚያ ቁልፉን ይጠይቁኝ» አለ።

ማስረሻ ሻዩን አስቀመጠ። ተነሳና ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ ለአባይነሽ አቀረበላት።